በስሪዲ ፕሪንቲንግ ማስተርስ ለመሥራት ለምታስቡ

አንዲት የቂሊንጦ ልጅ፣ የሜካኒካል ምሩቅ፣ «ማስተርሴን በስሪዲ ፕሪንቲንግ ልሠራ አስቤያለሁ፤ መጀመሪያ የትኛውን ሶፍትዌር ልልመድ?» ስትል ጠየቀችኝ። ሶፍትዌሩ አያሳስብም፤ የዛሬ ልጆች በሳምንት ትጨርሱታላችሁ። ካሊፐር (የውፍረትና የርዝመት መለኪያ) መያዝ ላይ ነው የምትሰንፉት። እኔን ዛሬም የሚቆጨኝ ግን ሌላ ነው፤ የተለፋበት ቴሲስ በመብራት መቋረጥ ከንቱ ሲቀር ማየት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጥንካሬን በመጎተት ለመፈተን ኤኤስቲኤም ዲ638 በሚባለው የፕላስቲክ መፈተኛ ደረጃ ልክ 165 ሚሊሜትር የሆነ ናሙና ቆሞ ይታተማል። ሌየሩ፣ ማለትም አንዱ ድርብርብ፣ 0.2 ሚሊሜትር ከሆነ 825 ሌየር ነው። መሃል ላይ መብራት ድርግም ይላል፤ ሲመጣ ማሽኑ ካቆመበት ይቀጥላል። ናሙናው ለዓይን ደህና ነው፤ ጥፍር ቢያሳልፉበት ግን ቀጭን ጠርዝ ያዝ ያደርጋል። የታችኛው ሌየር ቀዝቅዞ ስለቆየ፣ ከ200 ዲግሪ በላይ ሆኖ የወጣው ፒኤልኤ (የማተሚያው ፕላስቲክ) ላዩን ብቻ ነክቶት ደርቋል፤ በደንብ አልተዋሃዱም። ሲጎተት እዚያው ላይ ይበጠሳል። ተማሪውም «በቁመት የታተመ ደካማ ነው» ብሎ ይጽፋል። መድከሙስ እውነት ነው፤ ምን ያህል እንደሚደክም ግን ያ ቁጥር አይናገርም።

ስለዚህ ተቋርጦ የቀጠለ ናሙና ይጣል፤ መጣሉም ይመዝገብ። ዩፒኤስ ግዙ፤ ቤዱ፣ ማለትም የሚሞቀው የማተሚያው ወለል፣ ብዙ ዋት ስለሚበላ ርካሹ የሚይዘው ለደቂቃዎች ብቻ ነው። አንድ በአንድ ካተማችሁ መብራት ቢጠፋ የሚበላሸው አንዱ ብቻ ነው። እዚህ ላይ ግን ተጠንቀቁ፦ አምስቱን ባንዴ ስታትሙ ኖዝሉ (ፕላስቲኩ ቀልጦ የሚወጣበት ጫፍ) ዞሮ እስኪመለስ እያንዳንዱ ሌየር ይቀዘቅዛል፤ አንድ ብቻ ሲሆን ትኩስ በትኩሱ ይደረባል። ውጤቱ ይለያያል። አንዱን መንገድ ምረጡ፣ አትቀላቅሉ፤ በየሕትመቱ አቅጣጫ አምስት አምስት ናሙና ፈትኑ።

ክረምት ላይ ፊላመንት (ማሽኑ የሚያቀልጠው የፕላስቲክ ክር) ክፍት አይደር። እርጥበት የጠጣው ኖዝሉ ላይ ይንጣጣል፣ ውስጡም አረፋ ይይዛል። ፒኤልኤ 45 ዲግሪ ላይ ስድስት ሰዓት ያህል ቢቆይ ይደርቃል፤ ናይለን ከ70 እስከ 80 ዲግሪ ላይ ሌሊቱን ሙሉ ይፈልጋል።

ሶፍትዌር አያሳስብም ብያለሁ፤ ርዕሳችሁ ሲሙሌሽን ከሆነ ግን ዋናው እሱ ነው።

ብዙዎቻችሁ ብረት ማተም ትመኛላችሁ። የብረት ዱቄት በሌዘር የሚያቀልጠው ማሽን አርጎን ጋዝና ጥንቁቅ የዱቄት አያያዝ ይጠይቃል፤ በቅርባችሁ ከሌለ ፕሮፖዛል ላይ አትጻፉት። አቃቂ ቃሊቲ ተቀምጦ የአሸዋ ካስቲንግን (የቀለጠ ብረት በአሸዋ ቅርጽ ውስጥ ማፍሰስን) መዝለል ደግሞ ያሳዝናል። በፕላስቲክ የታተመ ሞዴል አሸዋው ላይ ቅርጽ የሚያወጣውን የእንጨት ሞዴል ይተካል። አሉሚኒየም ሲቀዘቅዝ ስለሚኮማተር ሞዴሉን 1.3 በመቶ ገደማ አተልቁት፤ ከአሸዋው እንዲወጣ ጎኖቹን ከ1 እስከ 2 ዲግሪ አዘንብሉ፤ የሌየሩን መስመር በስቱኮና በብርጭቆ ወረቀት አጥፉ፣ አለዚያ አሸዋውን ይዞ ይነሳል። ሞዴሉንና ከቅርጹ የወጣውን አሉሚኒየም በካሊፐር ለክታችሁ፣ የልኩ መዛባት ስንቱ ከፕሪንተሩ፣ ስንቱ ከአሸዋው እንደመጣ መለየት ራሱን የቻለ የማስተርስ ርዕስ ነው።