መልስ፦ ፔፕታይዱ ያለ ማያያዣ ኬሚካል እንዴት ይረጋል?

ውሃ የመሰለ የፔፕታይድ (የአጭር አሚኖ አሲድ ሰንሰለት) ፈሳሽ ምንም ማያያዣ ሳይጨመርበት እንዴት ጄል እንደሚሆን ጠይቀሃል። ምስጢሩ ያለው የፕሮቲን መገንቢያ በሆኑት በአሚኖ አሲዶቹ አሰላለፍ ላይ ነው።

ከእነዚህ ፔፕታይዶች በጣም የታወቀውን ራዳ16ን (RADA16) እንውሰድ። 16 አሚኖ አሲድ ብቻ ነው፤ አርጊኒን፣ አላኒን፣ አስፓርቲክ አሲድ፣ አላኒን እያለ 4 ጊዜ ይደጋገማል። ሰንሰለቱ ሲዘረጋ አላኒኖቹ በሙሉ በአንድ ወገን ይሰለፋሉ፤ የኤሌክትሪክ ቻርጅ ያላቸው አርጊኒንና አስፓርቲክ አሲድ ደግሞ በሌላው። አላኒን ውሃ አይወድም። ስለዚህ ሁለት ሰንሰለቶች በአላኒን በኩል ፊት ለፊት ይለጠፋሉ። ጎን ለጎን ደግሞ በሃይድሮጅን ቦንድ (በሃይድሮጅን በኩል በሚፈጠር ደካማ መሳሳብ) ይያያዛሉ። እንዲህ እያሉ 10 ናኖሜትር አካባቢ ውፍረት ያለው ክር ይሠራሉ፤ ክሮቹ ተጠላልፈው ውሃውን ይይዛሉ። ከጄሉ 99 በመቶ ገደማው ውሃ ነው! እኔን ሁሌም የሚገርመኝ ይሄ ነው።

ታዲያ ብልቃጡ ውስጥ እያለ ለምን አይረጋም? ፈሳሹ አሲዳማ ስለሆነ ነው። እዚያ አስፓርቲክ አሲዱ ኔጌቲቭ ቻርጁን ያጣል። የአርጊኒኖቹ ፖዘቲቭ ቻርጅ ብቻውን ይቀርና ክሮቹ ይገፋፋሉ። ደም ሲነካው ግን አሲዱ ይለዝባል፣ ጨውም ግፊያውን ያበርደዋል። ወዲያው ይረጋል። በኢንዶስኮፒ (ካሜራ ያለው ቱቦ ወደ ሰውነት ገብቶ በሚሰጥ) ሕክምና ወቅት መድማትን ለማቆም የሚያገለግለውም በዚሁ ጠባዩ ነው።

አንድ ነገር ልብ በል፤ ጄሉ በጣም ለስላሳ ነው። ሸክም የሚችል አጥንት ለመጠገን ብቻውን አይበቃም። ሴል ልታሳድግበት ካሰብክ ደግሞ አሲዱን ቶሎ በሴል ማሳደጊያ ፈሳሽ አጥበህ አስወግድ፤ አለበለዚያ ሴሎቹ ይሞቱብሃል።