ዘመም ያለው ወፍራም ፊደል፦ የታፔላ ሠሪ ጥያቄና መልስ

ድሬዳዋ ከዚራ አካባቢ ታፔላና ስቲከር እሠራለሁ። ሰሞኑን ስለዚያ ወደ ቀኝ ዘመም ስላለው ወፍራም ፊደል ብዙ ሰው ጠየቀኝ። ባጃጅ ጀርባ፣ ማልያ ላይ፣ ጎሚስታ በር ላይ የምታዩትን ማለቴ ነው። ጠይቁኝ። በዚህ ሙቀት ከሰዓት ማን ይሠራል?

ጥያቄ፦ አቦ፣ ለምንድነው የሚሮጥ የሚመስለው?

መልስ፦ ሯጭ ሲነሳ ደረቱን ወደ ፊት ይጥላል። ዓይናችን ያንን ለምዷል። ውፍረቱ ደግሞ ጉልበት ይጨምርለታል። ለጎሚስታ፣ ለዕቃ አድራሽ፣ ለኳስ ቡድን ይሆናል። ለለቅሶ ማስታወቂያ ግን አደራ!

ጥያቄ፦ ኮምፒውተር ላይ የአማርኛውን ጽሑፍ መርጬ ኢታሊክ (ፊደል ማዘመሚያ) የምትለዋን ብጫን አይበቃም?

መልስ፦ አይበቃም። ኮምፒውተሩ ፊደሉን ገፍቶ ያጋድመዋል እንጂ አይስለውም። «ዐ»ን ሞክሩት። ክቡ አንድ ቦታ ይወፍራል፣ ሌላ ቦታ ይሳሳል። «ቦ» ደግሞ የቀኝ እግሩ አጭር ስለሆነ ሲያጋድል በአፍጢሙ የሚደፋ ይመስላል። ከሁሉ የሚብሰው «ቢ» እና «ቤ» ናቸው። ልዩነታቸው እግር ሥር ያለችው ቀለበት ናት። ፊደሉ ሲወፍር ቀዳዳዋ ትደፈንና ሁለቱ አንድ ይሆናሉ። እኔ መጀመሪያ አጋድመዋለሁ፣ ከዚያ ክቡን በእጄ አስተካክላለሁ፣ ቀለበቷን ከሚገባት በላይ አሰፋታለሁ። ለአንድ የሱቅ ስም ግማሽ ቀን ይፈጃል። ደንበኛ «ጽሑፍ ብቻ አይደል እንዴ!» ሲለኝ ዝም እላለሁ።

ጥያቄ፦ ድሮ የኛ ሰው ኢታሊክ ነበረው?

መልስ፦ አልነበረውም። ኢታሊክ የጣሊያን የእጅ ጽሑፍ ልጅ ነው፤ በ1501 እ.ኤ.አ. ቬኒስ ውስጥ ሙሉ መጽሐፍ ታትሞበታል። የኛ ጸሐፊዎች አንድን ስም ለይተው ሊያሳዩ ሲፈልጉ በቀይ ቀለም ይጽፉት ነበር። እኔም ታፔላ ላይ አንዳንዴ ቀይ ይበቃል እላለሁ።

ጥያቄ፦ ስንት ዲግሪ ላጋድመው?

መልስ፦ ሄልቬቲካ የሚባለው የላቲን ፊደል ዘመም 12 ዲግሪ ነው። ለግዕዝ 8 ወይም 10 ይበቃኛል። የኛ ፊደል ባለ ብዙ እግር ስለሆነ ብዙ ማጋደል አይወድም፣ «ጠ»ን አስቡት።

ጥያቄ፦ ነጻ ፎንት (የኮምፒውተር ፊደል) አለ?

መልስ፦ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ። ከቀጭን እስከ በጣም ወፍራም አለው፤ ለንግድም ይፈቀዳል። ኢታሊክ ግን የለውም፣ ያው የምታዘምሙት ራሳችሁ ናችሁ።

ጥያቄ፦ ታፔላዬ በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በሶማሊኛ ነው። ሁሉም ይዘምም?

መልስ፦ ድሬ ላይ ይሄ የየቀኑ ጥያቄ ነው። ላቲኑ ዘሞ አማርኛው ቀጥ ካለ የተጣሉ ይመስላሉ። ስሙን በሦስቱም አዘምሙት፤ አድራሻና ስልኩን ቀጥ አድርጉት። ቁመቱን ደግሞ በቁጥር ሳይሆን በዓይን አመጣጥኑ።

ጥያቄ፦ የምግብ ቤቴን ሜኑ በሙሉ በሱ ልጻፍ?

መልስ፦ እንዴ! ሰው ሳይበላ ይደክመዋል።

ጥያቄ፦ ለባጃጅ ስቲከር ምን ልጠንቀቅ?

መልስ፦ ቀዳዳዎቹን። ፕሎተሩ (መቁረጫ ማሽኑ) ቪኒሉን፣ ማለትም የስቲከሩን ላስቲክ፣ ሲቆርጥ ትንንሾቹ ቁራጮች ከፊደሉ ጋር አብረው ይላጣሉ። አንዴ «ቤቢ» ብዬ ቆርጬ «ቢቢ» ሆኖ ወጣ። ባለቤቱ ሳያየው ለጠፍኩት፤ ጓደኞቹ ግን አዩት። አሁን ሰፈር ውስጥ ስሙ ቢቢ ነው።