ቅዳሜ ማታ የት ናችሁ?

"ዊክኤንዱን እንዴት አሳለፋችሁ?" ብዬ ስጠይቅ "ምን አሳልፋለሁ ጋሼ፣ ተኝቼ ዋልኩ" የሚሉኝ ወጣቶች በዝተዋል። አልፈርድም። ሳምንቱን ሙሉ ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሞ፣ ቢሮ ሲነታረክ ውሎ፣ ማታ ደግሞ ትርፍ ሥራ ሲሠራ ያመሸ ልጅ ቅዳሜ ሲደርስ አልጋው ቢናፍቀው ምን ይገርማል? ችግሩ እንቅልፉም እንቅልፍ አለመሆኑ ነው። ስልኩን ደረቱ ላይ አድርጎ የሰው ሠርግ፣ የሰው ሽርሽር፣ የሰው ኮንሰርት ሲያይ ነው የሚመሽበት።

እኔ ዕድሜዬን በኦዲተርነት የጨረስኩ ጡረተኛ ነኝ። ስለ ሙዚቃ ለመጻፍ የሚያበቃ ወረቀት የለኝም። ያለኝ የጓደኞች ቡድን ነው። አንዱ ፋርማሲስት ነው፣ አንዷ መምህርት ነበረች፣ አንዱ የመኪና መለዋወጫ ይሸጣል፣ አንዱ ደግሞ ምን እንደሚሠራ እስካሁን በደንብ አልገባኝም። ከወጣትነታችን ጀምሮ ሳንበታተን የቆየነው ስለምንዋደድ ብቻ አይመስለኝም፤ እየተዋደዱ የተበታተኑ ስንት ሰዎች አውቃለሁ። እኛን ያቆየን ቀን መቁረጣችን ነው። ደመወዝ የወጣ ሳምንት ቅዳሜ ማታ ባንድ ወዳለበት ቤት እንሄዳለን፤ በቃ። "ዛሬ አለ ወይ?" ብሎ የሚደውል የለም። የቀረ ይቀራል። ሲታማ እንዳመሸ ስለሚያውቅ በሚቀጥለው ይመጣል።

እናንተ ግን "አንድ ቀን እንገናኝ" ትባባላላችሁ። ያ አንድ ቀን ለቅሶ ቤት ሆኖ ይመጣል።

ለምን የግድ ሙዚቃ ያለበት ቤት፣ ካፌ ቁጭ ብሎ ማውራት አይበቃም ወይ ትሉ ይሆናል። አይበቃም። ካፌ ውስጥ ትንሽ እንደቆያችሁ ወሬው ወደ ቤት ኪራይ፣ ወደ ዶላር፣ ወደ አለቃ ይዞራል፤ ሰው ሊያርፍ መጥቶ ደክሞ ይመለሳል። ባንዱ ሲጫወት ማውራት ስለማይቻል አብሮ ዝም ማለት ትለምዳላችሁ። ዘፈኑ ሲያልቅ ደግሞ የምታወሩት ዘፈኑ ስላስታወሳችሁ ነገር ነው። ያ መለዋወጫ ሻጭ ጓደኛዬ ከእናቱ ጋር ተኳርፎ እንደኖረ ያወቅሁት አንድ የአምባሰል ዜማ ካለቀ በኋላ ነው። ከዚያ በፊት ስንት ዓመት ቡና አብረን ጠጥተናል፤ አንድ ቀን አንስቶት አያውቅም።

በእኛ ወጣትነት ሰዓት እላፊ ነበር። ሮሃ ባንድን ግዮን ሆቴል፣ ዋልያስን ሂልተን ሊሰማ የሄደ ሰው ሰዓቱ ካለፈበት እስኪነጋ እዚያው ነው። በሩ ይዘጋል፣ ባንዱ ይጫወታል፣ ሲነጋ ሰው ዓይኑን እያሸ ይወጣል። ይህን ስነግራቸው የሚቀኑ ልጆች አሉ። አትቅኑ። ውጪው ስለሚያስፈራ ነው ውስጥ የታደረው። ሙዚቃ አሳታሚው አምሃ እሸቴ በ1960ዎቹ መጀመሪያ የዘፈን ሸክላ ማሳተም ሲጀምር የነበረውን የአዲስ አበባ ማታ የሚያወሩት ታላላቆቻችን ናቸው፤ እኛ የደረስነው ለሸክላው ነው። እናንተ ግን እኩለ ሌሊት ላይ ወጥታችሁ ራይድ ጠርታችሁ ቤታችሁ ትገባላችሁ። ይህን ዕድል አልጋ ላይ ማሳለፍ ያናድደኛል፣ እውነቴን ነው።

ከየት እንጀምር ካላችሁ ከአዝማሪ ቤት ጀምሩ። አንድ ማሲንቆ፣ አንድ ከበሮ፣ ጠጅ በብርሌ። ማሲንቆ ያላት አንዲት የፈረስ ጭራ ክር ብቻ ናት፤ ከእሷ ስንት ነገር እንደሚወጣ በቅርብ ካላያችሁ አታምኑም። ስለዚህ ከኋላ ጥግ አትያዙ። አዝማሪው ገና ስትቀመጡ ማን ከማን ጋር እንደመጣ፣ ማን እንደሚከፍል፣ ማን ዓይን አፋር እንደሆነ ለይቶ ጨርሷል። ቀጥሎ ስማችሁን ይጠይቃል። ከዚያ በኋላ ተረቡን መቻል ነው።

ግን ዋናው ነገር ይህ ነው፦ ግጥም ይዛችሁ ሂዱ። አዝማሪ ቤት ውስጥ "ተቀበል!" ብሎ ስንኝ የሚወረውር እንግዳ ከሌለ ማታው ይቀዘቅዛል፤ አዝማሪው ብቻውን የቱንም ያህል ጎበዝ ቢሆን። ሁለት መስመር ይበቃል። ስለ ጓደኛችሁ ይሁን፣ ቤት ቢመታ ጥሩ፣ ባይመታም አዝማሪው አስተካክሎ ያወጣዋል። ፋርማሲስቱ ጓደኛችን ሥራዬን በጆሮዋ ሹክ ያላት አንዲት አዝማሪ ፊቴ ቆማ እንዲህ ብላብኛለች፦

የመንግሥትን ገንዘብ ሲቆጥር የኖረ፣
የጠጅ ቤቱን ሲሉት ወዴት ተሰወረ?

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ከፈልኩ፤ ሌላ ምን ምርጫ አለኝ?

ሽልማት ስጡ፣ ትንሽም ብትሆን። ኑሯቸው እሱ ነው። ብር ግንባር ላይ መለጠፍ የቆየ ልማድ ቢሆንም ለሴቷ አዝማሪ በእጇ ስጧት፤ ሞቅ ሲለው እጁ የሚረዝም ሰው አይቼ ስለማውቅ ነው። ስልካችሁን በተመለከተ አንድ ዘፈን ቅረጹና ኪሳችሁ ክተቱት። አዝማሪ የሚዘፍነው ፊት እያነበበ ነው፤ ከስልክ ጀርባ የተደበቀ ፊት ምኑን ያነበዋል? ደግሞ በዐቢይ ጾም ብዙዎቹ ቤቶች ጭር ይላሉ፣ የሚዘጉም አሉ። አዲስ ሰው ወስዳችሁ ባዶ ቤት እንዳታስቀምጡት።

ጃዝን ደግሞ የፈረንጅ ነገር አድርጋችሁ አትሽሹት። በ1936 ዓ.ም. ጅማ የተወለደው ሙላቱ አስታጥቄ እንግሊዝና አሜሪካ ተምሮ የሠራው ሥራ የእኛኑ ቅኝቶች ከጃዝና ከላቲን ምት ጋር ማገናኘት ነው። ቅኝት ማለት ዜማው የሚሠራበት የድምፆች አሰላለፍ ነው፦ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺሆዬ። አራቱን በጆሮ ለመለየት ጥቂት ወር ይበቃችኋል። ባንዱ እረፍት ሲወጣ ክራር ተጫዋቹን ወይም ኪቦርዲስቱን ጠጋ ብላችሁ "አሁን የተጫወታችሁት ምን ላይ ነው?" በሉት። እስካሁን ጠይቄው የተቆጣ ሙዚቀኛ የለም፤ እንዲያውም ብዙዎቹ ጠያቂ ይናፍቃቸዋል። መለየት ስትጀምሩ ያው የለመዳችሁት ዘፈን ሌላ ይሆንባችኋል። ከጓደኛ ጋር የምትከራከሩበት ነገርም ታገኛላችሁ። እኛ "ይሄ ባቲ ነው፣ የለም አንቺሆዬ ነው" እየተባባልን ስንት ሂሳብ ተወራርደናል።

ላይቭ የሚል ፖስተር ሁሉ ላይቭ አይደለም። መግቢያ ከመክፈላችሁ በፊት ሙሉ ባንድ ነው ወይስ ዘፋኙ በፕሌይባክ፣ ማለትም በተቀዳ ሙዚቃ ነው ብላችሁ ጠይቁ። 1 ሰዓት ተኩል ከተባለ እስከ 3 ሰዓት ላይጀመር ይችላል፤ ቢሆንም ቀድማችሁ ግቡ፣ ወንበር የምትመርጡት ያኔ ነው። ስፒከር ሥር አትቀመጡ። የተጎዳ የጆሮ ነርቭ ተመልሶ አይበቅልም። ከእኛ መሃል አንዱ ዛሬ በስተቀኙ ካልተናገራችሁት አይሰማም።

አሁን ወደ ሙያዬ ልመለስ። ጓደኝነት የሚበላሸው ሂሳብ ላይ ነው። ስትወጡ ስንት እንደምታወጡ ከቤት ሳትወጡ ተነጋገሩ፤ አስተናጋጁ ደረሰኝ ይዞ ሲመጣ መነጋገር አሳፋሪ ነው። እኛ ትንሽ እቁብ አለን። በየወሩ ከምንጥለው ላይ ጥቂቱ ለማታው ተብሎ ይቀመጣል፣ እናንተ ደግሞ በቴሌብር ትጨርሱታላችሁ። ሥራ ያጣ ጓደኛ ካለ የእሱን ድርሻ አንድ ሰው በዝምታ ይሸፍን። አደባባይ ላይ "አንተ ተወው፣ እኔ እከፍልልሃለሁ" ማለት ደግነት አይደለም፤ ያ ልጅ በሚቀጥለው ወር አይመጣም። ማን እንደማይጠጣና ማን እንደሚነዳም አስቀድማችሁ ወስኑ። ሴት ጓደኞቻችሁ ቤት ሳይገቡ እናንተም አትተኙ፤ "ገባሁ" የምትል መልእክት እስክትመጣ ጠብቁ።

ደግሞ ቤቶቹ አይቆዩዋችሁም። ጣይቱ ሆቴል በጥር 2007 ዓ.ም. ሲቃጠል ውስጡ የነበረው ጃዛምባ የተባለው የጃዝ ቤት አብሮ ሄደ። እዚያ አዛውንት ድምፃውያንና ወጣት ሙዚቀኞች አንድ መድረክ ላይ ይገናኙ ነበር። ካዛንቺስ በ2017 ዓ.ም. ሲፈርስ ደግሞ ተወዛዋዡ መላኩ በላይ ለዓመታት በእስክስታና በአዝማሪ ያቆመው ፈንድቃ ከሰፈሩ ተነሳ። "ሁሌ እሄዳለሁ እያልኩ" የሚሉ ልጆች ያኔ ፌስቡክ ላይ ሲያለቅሱ አየሁ። አጽናኑኝ ይሉ ነበር፤ እኔ ግን የምቀበለው ቲኬት የቆረጠ ሰው ለቅሶን ብቻ ነው። አሁን ሥራ ላይ ያሉትን ቤቶች ስም ጠይቁና በዚህ ወር ሂዱ።

እሁድን በተመለከተ፣ ቅዳሜ ያመሸ ሰው እሁድ ሩቅ አይሂድ የሚሉ አሉ። እኔ አልስማማም። ገንዘብ ካልተረፈ እንጦጦ በእግር ውጡ፣ ይበቃል። ከተረፈ ግን በአለም ገና አድርጋችሁ የቡታጅራን መንገድ ያዙ። ስለ መንገዱ ሰላም ግን ከዚያ አካባቢ ሰው አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ ከሹፌር የተሻለ የሚያውቅ የለም። በዚህ አንድ መንገድ ላይ ሦስት ነገር ታያላችሁ። መልካ ቁንጥሬ ላይ ከአንድ ሚሊዮን ተኩል ዓመት በላይ ያስቆጠሩ የድንጋይ መሣሪያዎች አሉ፤ በ2016 ዓ.ም. ዩኔስኮ የመዘገበው ቦታ ነው። አዳዲ ማርያም ከአለት የተፈለፈለች ቤተ ክርስቲያን ናት፤ ላሊበላ ለመሄድ አቅም ያጣ ሰው ይህችን ሳያይ አይክሰስ። ነጠላ ያዙ፣ ጫማችሁን ለማውለቅ የሚመች አድርጉ። ከዚያ ከአዲስ አበባ 90 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ጢያ ነው፤ 36 ትክል ድንጋዮች፣ ብዙዎቹ ላይ ጎራዴ ተቀርጾባቸዋል፣ ከሥራቸው ደግሞ መቃብር አለ። አስጎብኚውን አስጨንቁት፣ ጠይቁት፣ ዝም ብላችሁ ፎቶ ብቻ አትነሱ። የሌሊቱ ክርክር መኪና ውስጥ ይቀጥላል። በእኛ መኪና እስካሁን ባቲ ነው አንቺሆዬ ነው የሚለው አልተፈታም።

ነዳጁን ብቻ ቅዳሜ ጠዋት ሙሉ። እሁድ ማለዳ ማደያ ሰልፍ ላይ የቆመ ሰው ጢያን የሚያየው ፀሐይ አናቱ ላይ ሆና ነው።