የፕሮስቴት ካንሰር፦ የቅዳሜ ማታ ጥያቄና መልስ ለድሬና ለሐረር ልጆች

ዶክተር፦ ሰላም የድሬና የሐረር ልጆች። ቃል እንደገባሁት ከምሽቱ 2 ሰዓት ጀምሮ እዚህ ነኝ። ለማታውቁኝ፣ ሥራዬ ፓቶሎጂ ነው። ከሰውየው የተወሰደውን ናሙና በማይክሮስኮፕ አይቼ ካንሰር ነው ወይስ አይደለም፣ ከሆነስ ምን ያህል ክፉ ነው የሚለውን እጽፋለሁ። ቀዶ ጥገና አልሠራም፣ መድኃኒትም አላዝም።

በሰፈራችሁ ስም ስትጠይቁ ሦስት ነገር ጻፉልኝ። ዕድሜ፣ ፒኤስኤ የሚባለው የደም ምርመራ ቁጥር ከተለካበት ቀን ጋር፣ የባዮፕሲ (ከዕጢው በመርፌ የተወሰደው ናሙና) ወረቀቱ የሚለው። የምጠቅሳቸው ዓመታት በፈረንጆቹ ናቸው።

ከሁሉ በፊት ግን ይህን አንብቡ። የፕሮስቴት ካንሰር ያለበት ወይም የተጠረጠረበት ሰው ወገቡን ወይም ጀርባውን እያመመው እግሩ ከዛለ፣ ከደነዘዘ፣ ወይም ሽንቱ ድንገት ከቆመ፣ እዚህ አትጠይቁኝ። በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ውሰዱት።

ከዚራ፦ ዶክተር፣ አባቴ 71 ዓመቱ ነው። ፒኤስኤ ባለፈው ሳምንት 11 ወጣ። ባዮፕሲ አልተሠራም። ካንሰር ነው ማለት ነው?

ዶክተር፦ በቁጥሩ ብቻ ነውም አይደለምም አልልህም። ፒኤስኤ ከፊኛ በታች ያለው የፕሮስቴት ዕጢ የሚሠራው ፕሮቲን ነው። ጤነኛው ሴልም የታመመው ሴልም ይሠራዋል። ዕጢው በዕድሜ ሲያብጥ ይጨምራል። ኢንፌክሽን ይጨምረዋል። ካቴተር (የሽንት ቱቦ) በገባ ማግስት ከለካችሁት ደግሞ ጭራሽ አትመኑት። በተቃራኒው ለዕጢ ማበጥ ፊናስተራይድ የሚውጥ ሰው ቁጥሩ በግማሽ ገደማ ይወርዳል። ወረቀቱ ላይ 3 ያለው እውነቱ 6 ሊሆን ይችላል። ዝቅተኛ ቁጥርም ዋስትና አይደለም። በ2004 በታተመ ጥናት ፒኤስኤያቸው ከ4 ያልበለጠ ወንዶች ባዮፕሲ ተሠርቶላቸው፣ ከመቶ 15ቱ ላይ ካንሰር ተገኝቷል። አባትህ ኢንፌክሽን ካለው ይታከም፣ ቁጥሩ ይደገም፣ ሐኪም በጣቱ ይመርምረው። ከዚያ ስለ ባዮፕሲ ይወሰናል።

ገንደ ቆሬ፦ ዶክተር አባቴ ታሟል። ወገቡን ያመዋል። ምን ይሻለዋል?

ዶክተር፦ ዕድሜ? ፒኤስኤ? ባዮፕሲ? ከላይ ጽፌያለሁ እኮ። እግሩስ እንዴት ነው?

ጀጎል፦ አጎቴ 66 ዓመቱ ነው። ፒኤስኤ 9 ነበር፣ ከሁለት ወር በፊት። ባዮፕሲው «ግሊሰን 7» ይላል። ከ10 ሰባት ከሆነ በጣም ገፍቷል ማለት አይደል?

ዶክተር፦ ተባረክ፣ ወረቀት ይዞ የመጣ ሰው አገኘሁ። እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ።

ግሊሰን የሰው ስም ነው። ዶናልድ ግሊሰን አሜሪካ ሚኒያፖሊስ የሚሠራ ፓቶሎጂስት ነበር። በ1966 ያወጣው አከፋፈል እየታረመ እስከ ዛሬ ይሠራል። ዋናው ሐሳብ ቀላል ነው። ጤነኛ ፕሮስቴት በማይክሮስኮፕ ሲታይ ሴሎቹ ክብ ሠርተው ይቀመጣሉ፣ መሐሉ ክፍት ነው። ካንሰር ሲሆን ያ ሥርዓት ይፈርሳል። ጥያቄው ምን ያህል ፈረሰ ነው። ክቦቹ አንሰውም ቢሆን ተለያይተው ከቆሙ 3 እሰጣለሁ። እርስ በርስ ተጣብቀው ወይም እንደ ወንፊት ተበሳስተው ካየሁ 4 ነው። ክብ የሚባል ነገር ጠፍቶ ሴሎቹ ለየብቻ ከተበተኑ 5 ነው።

ከዚያ ሁለት ቁጥር ይደመራል። መጀመሪያ የሚጻፈው በብዛት የታየው ነው። ስለዚህ 3+4 እና 4+3 ሁለቱም 7 ናቸው፣ በሽታው ግን አንድ አይደለም። 4 የበዛበት ይበልጥ ክፉ ነው። ከ2014 ጀምሮም 3+4 ምድብ 2፣ 4+3 ደግሞ ምድብ 3 ተብለው ተለይተዋል። ምድቦቹ ከ1 እስከ 5 ናቸው። ደግሞ ዛሬ በባዮፕሲ የምንሰጠው ዝቅተኛው ድምር 6 ነው። «ከ10 ስድስት አመጣ» ብሎ ያለቀሰ ቤተሰብ አይቻለሁ። ያገኙት ከሁሉ የቀለለውን ነበር። ስለዚህ ወንድሜ፣ ተደምረው 7 የሆኑትን ሁለት ቁጥሮች አምጣልኝ።

ጀጎል፦ ወረቀቱ «7» ብቻ ነው የሚለው።

ዶክተር፦ እንግዲያው ናሙናው የታየበት ላቦራቶሪ ሂድና ሁለቱን ቁጥሮች ጠይቅ። ናሙናው በሰም ተደፍኖ ይቀመጣል። ብሎክ ይሉታል። እንደገና ሊቆረጥና ሊታይ ይችላል። ተቀባይነት የሌለው ነገር አልጠየቅክም፣ መብትህ ነው።

ስለ ናሙና ካነሳን አንድ ነገር ልንገራችሁ። የገዛ አጎቴ ናሙና እንዳይበሰብስ በሚያቆየው ፎርማሊን ፈንታ በጨው ውኃ ተቀምጦ፣ ሁለት ቀን መንገድ ላይ ውሎ አድሮ መጣልኝ። የት እንደሆነ አልናገርም። ስከፍተው በስብሷል። የሚነበብ ነገር አልነበረም። የ70 ዓመት ሽማግሌ ያን ሁሉ መርፌ እንደገና ተወጋ። እለምናችኋለሁ፣ ብልቃጡን ራሳችሁ የምታደርሱ ከሆነ «ፎርማሊን ነው ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። ስሙ በትክክል ተጽፎ እንደሆነም እዩ።

ሳቢያን፦ ዶክተር ጫትስ? እኔ የአወዳይ ልጅ ነኝ፣ እውነቱን ንገረን። ካንሰር ያመጣል?

ሸዋ በር፦ ያመጣል እንጂ! ጎረቤታችን ሲቅም ኖሮ በዚህ በሽታ ነው የሞተው።

ሳቢያን፦ አቦ ተወን! የኔ አያት 90 ዓመት ቅሞ ነው የኖረው።

ሸዋ በር፦ ፀረ ተባዩስ? የሚረጩትን አታይም?

ነምበር ዋን፦ ወላሂ እዚህም ጫት? ሰው ስለ አባቱ እየጠየቀ ነው።

ዶክተር፦ የአንድ ጎረቤትና የአንድ አያት ታሪክ አይከራከርም። የፕሮስቴት ካንሰር ያመጣል ለማለት የሚያበቃ ማስረጃ የለኝም። ሽንትን ግን ይይዛል፣ ይህ ተለክቷል። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን የነርቮችን ኖርአድሬናሊን ያስለቅቃል። ያ ደግሞ የፊኛን አንገትና የፕሮስቴትን ጡንቻ ያጠብቃል። በ1995 በወጣ ጥናት ጤነኛ ወንዶች ሲቅሙ የሽንታቸው ፍጥነት ቀነሰ። ያን ጡንቻ የሚያላላ መድኃኒት ሲሰጣቸው ደግሞ ጉዳቱ ቀረ። ለዕጢ ማበጥ የሚታዘዘው ታምሱሎሲንም የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው። ስለዚህ ዕጢው ያበጠ ሰው ከሰዓት በርጫው ላይ ተቀምጦ፣ ማታ ሽንቱ ተቋጥሮ ካቴተር ቢገባለት አይግረማችሁ። ቀኑን ታምሱሎሲን ውጦ ከሰዓት መቃም በአንድ እጅ መክፈት፣ በሌላው መዝጋት ነው። ጫቱ በዚህ ይብቃን።

ፈረስ መጋላ፦ ጥቁር አዝሙድ የካንሰር ሴል ይገድላል የሚል ጥናት አይቻለሁ። ለአባቴ የሆርሞን መርፌውን ትቼ እሱን ልስጠው?

ዶክተር፦ መርፌውን እንዳታስቀር! ጥናቱ የተሠራው ሳህን ላይ በሚያድግ ሴል ነው። በዓለም ቤተ ሙከራ ሁሉ የሚዞረው ፒሲ-3 የሚባለው የፕሮስቴት ካንሰር ሴል፣ ከአንድ ሕመምተኛ አጥንት ተወስዶ ከ1970ዎቹ ጀምሮ በሳህን የሚኖር ነው። ጉበት የለው፣ ኩላሊት የለው። እሱ ላይ ያልሠራ ነገር ማግኘት ይከብዳል። ሰው ላይ ሲመጣ ሌላ ነው። ቫይታሚን ኢ ፕሮስቴትን ይጠብቃል ተብሎ ከ35 ሺህ በላይ ወንዶች ላይ ተሞከረ። በ2011 ውጤቱ ሲወጣ፣ ቫይታሚኑን የወሰዱት ላይ ካንሰሩ በ17 ከመቶ ጨምሮ ተገኘ። አዝሙዱን ዳቦ ላይ ይብላ፣ ማንም አይከለክለውም። በመድኃኒት ቦታ ግን አይገባም።

ለገሀሬ፦ ፒኤስኤ 14 አደገኛ ነው?

ዶክተር፦ ለከዚራ የመለስኩትን አንብብ።

ዲፖ፦ አባቴ 74 ዓመቱ ነው፣ ፒኤስኤ 120፣ ግሊሰን 4+4፣ አጥንቱ ላይ ተሰራጭቷል። በየሦስት ወሩ የሆርሞን መርፌ ይወጋል። መርፌው አንዳንዴ ይጠፋል፣ ዋጋውም አልቻልነውም። ሐኪሙ የዘር ፍሬው በቀዶ ጥገና ይውጣ አለን። አባቴ «ልታኮላሹኝ ነው?» ብሎ ተቆጣ። ልዩነት አለው?

ዶክተር፦ በደንብ ጠየቅክ። ለካንሰሩ ልዩነት የለውም። ከየት እንደመጣ ልንገርህ። በ1941 ቺካጎ ውስጥ ቻርልስ ሃጊንስና ክላረንስ ሆጅስ የፕሮስቴት ካንሰር በወንድ ሆርሞን በቴስቶስትሮን እንደሚኖር አሳዩ። የዘር ፍሬው ሲወጣ የተሰራጨው በሽታ እንኳ ወደ ኋላ ተመለሰ። ሃጊንስ በ1966 ኖቤል ተሸለመበት። መርፌው የኋላ ኋላ የመጣ ነው፣ ያንኑ ሥራ በመድኃኒት ይሠራል። ቀዶ ጥገናው አንዴ ነው፣ ቴስቶስትሮን በሰዓታት ውስጥ ይወርዳል፣ ፋርማሲ መዞር የለም። መርፌው ካመለጠ ግን ሆርሞኑ ይመለሳል፣ ካንሰሩም ይበላል። አባትህን «ልናኮላሽህ» አትበሉት። የፍሬውን ሽፋን ትቶ ውስጡን ብቻ የሚያወጣ አሠራርም አለ፣ ቀዳጁን ጠይቁት። ምርጫው ግን የሱ ነው።

ዲፖ፦ ከዚያ በኋላ ይድናል?

ዶክተር፦ ለጊዜው ይራባል እንጂ አይጠፋም። ይህን ልደብቅህ አልፈልግም። ጀጎልን አስብ። አምስቱ በሮች ተዘጉ፣ እህል አይገባም። ከተማው መጀመሪያ ይራባል፣ ፒኤስኤው ይወርዳል፣ ሕመሙ ይቀላል። ቆይቶ ግን ካንሰሩ መላ ያበጃል። አንዳንዱ የሆርሞኑን ተቀባይ ጂን ያባዛል። ጠብታ ቴስቶስትሮን ይበቃዋል። አንዳንዱ ከኩላሊት በላይ ያለው አድሬናል የሚልከውን ጥሬ ዕቃ ወስዶ ግንቡ ውስጥ ራሱ ይጋግራል። ከሁሉ የሚያስቸግረው ኤአር-ቪ7 የሚባለው ነው። ሆርሞን የሚይዝበት ጫፍ የተቆረጠ ተቀባይ ነው። ቁልፍ የማይጠብቅ፣ ሌት ተቀን ክፍት በር ማለት ነው። አቢራቴሮን የሚባለው መድኃኒት ምድጃውን ያጠፋል፣ ኤንዛሉታማይድ የሚባለው ደግሞ በሩ ላይ ይቆማል። ቪ7 ባለበት ግን ሁለቱም ብዙ ጊዜ አይረዱም፣ ያኔ ኬሞ ይታሰባል።

ኬሞውን ከመጀመሪያው ከሆርሞን ሕክምናው ጋር መስጠትም አለ። በ2015 በወጣ ጥናት ዶሴታክሰል የሚባለው ኬሞ የተጨመረላቸው ሰዎች በሕይወት የቆዩበት አማካይ ጊዜ ከ44 ወር ወደ 58 ወር ገደማ ከፍ ብሏል። ይህ የአባትህ ዕድሜ አይደለም። ግማሾቹ ከዚያ በላይ የኖሩበት ቁጥር ነው፣ የተጠናውም ሌላ አገር ነው። አቅሙ ከፈቀደ ግን የካንሰር ሐኪሙን «ኬሞ ወይም አቢራቴሮን ይጨመርለት ወይ?» ብለህ ጠይቅ።

ዲፖ፦ አቢራቴሮን አለው። ጠዋት ከፈጢራ ጋር ነው የሚውጠው።

ዶክተር፦ ተው! ሙሉው መጠን፣ 1000 ሚሊግራሙ፣ በባዶ ሆድ ነው። ከቅባት ምግብ ጋር ደም ውስጥ የሚገባው እስከ 10 እጥፍ ይጨምራል። ይህን ጠባይ ተጠቅመው 250 ሚሊግራም ከቀላል ቁርስ ጋር የሞከሩ አሉ። በ2018 በወጣው ትንሽ ጥናት ፒኤስኤን ከሙሉው መጠን ባላነሰ አውርዷል። ገንዘብ ለጠበበው ቤት ትልቅ ነገር ነው። ግን በሐኪሙ ትእዛዝ እንጂ በራሳችሁ አይደለም። አብሮት የሚወሰደውን ፕሬድኒሶሎንም አታቋርጡ።

አዲስ ከተማ፦ ዶክተርዬ፣ ባለቤቴ መርፌውን ከጀመረ ሌሊት ላብ ያጠምቀዋል። የድሬ ሙቀት ነው ስንል ከረምን።

ዶክተር፦ እህቴ፣ ሆርሞኑ ሲወርድ የሚመጣ ነው። ሴቶች ሲያርጡ እንደሚሰማቸው። አጥንቱም ይሳሳል፣ ስኳርም ሊጨምር ይችላል። ሲመሽ በእግሩ ይሂድ።

ሐረር ልጅ፦ እኛ ለአባታችን ካንሰር ነው አላልነውም። «ዕጢ ነው» ብለን ነው የምናሳክመው። ስህተት ነው?

ሸዋ በር፦ ልክ ናችሁ። ቢሰማ በድንጋጤ ነው የሚሞተው።

ነምበር ዋን፦ የኔ አባት አልተነገረውም። መርፌውን «ድኛለሁ» ብሎ ተወው። ዓመት አልቆየም። ውርሱን እንኳ ሳይናገር ነው የሄደው።

ሸዋ በር፦ የኔን አባት አታውቀውም አንተ።

ነምበር ዋን፦ አንተስ የኔን ታውቀዋለህ?

ዶክተር፦ ተረጋጉ፣ ሁለታችሁም ስለ አባታችሁ ነው የምትናገሩት። ይህ የማይክሮስኮፕ ጥያቄ ስላልሆነ እኔ አልፈርድም። አንድ ነገር ብቻ። በሽታውን የማያውቅ ሰው እግሩ ሲደነዝዝ «እርጅና ነው» ብሎ ይተኛል። ለማን ይነግራል?

ገንደ ቆሬ፦ ዶክተር ይቅርታ ኔትወርክ ጠፍቶ ነው። አባቴ 69 ነው። ፒኤስኤ 300 ምናምን ነበር፣ ባዮፕሲ 4+5። እኛም አልነገርነውም። ወገቡን ሳምንት ሆነው። ከትናንት ማታ ጀምሮ እግሩ አልታዘዝ ብሎታል። ግድግዳ ይዞ ነው የሚቆመው። ነገ ጠዋት ልውሰደው?

ዶክተር፦ ነገ አይደለም። አሁን። ካንሰሩ አከርካሪው ላይ ሆኖ ህብለ ሰረሰሩን ተጭኖት ይሆናል። ሲታከም መቆም የቻለ ሰው ብዙ ጊዜ መራመዱን ይቀጥላል። እግሩ ጨርሶ ከዛለ በኋላ ግን የሚመለሰው ጥቂት ነው። ድንገተኛ ክፍል ስትደርስ «የፕሮስቴት ካንሰር አለው፣ እግሩ ከትናንት ጀምሮ እየዛለ ነው» በል። እብጠት የሚቀንሰው ዴክሳሜታሶን፣ ኤምአርአይ፣ ከዚያ ጨረር ወይም ቀዶ ጥገና ይወስናሉ። የሆርሞን ሕክምና ጀምሯል?

ገንደ ቆሬ፦ ገና ነው። ወረፋ ላይ ነን።

ዶክተር፦ እሱንም ንገራቸው። ወረቀቶቹን በሙሉ ያዝ። ባጃጅ ላይ አታስቀምጠው፣ መንገዱ ያንገጫግጨዋል። በጀርባው ተኝቶ ይሂድ።

ገንደ ቆሬ፦ አምቡላንስ እየደወልኩ ነው፣ አይነሳም።

ሳቢያን፦ ቫን አለኝ፣ የኋላ ወንበሩ ይነሳል። ገንደ ቆሬ የት ጋ ናችሁ?

ገንደ ቆሬ፦ ከመስጊዱ ጀርባ፣ አረንጓዴው በር።

ሸዋ በር፦ ፍራሽ አንጥፉበት። ሦስት ሰው ሆናችሁ አንሱት፣ ወገቡን እንዳታጥፉት።

ዶክተር፦ ልክ ነው። ሌሎቻችሁ ለጊዜው አትጻፉ፣ የገንደ ቆሬ መልእክት እንዳይጠፋብኝ።

ሳቢያን፦ በሩ ጋ ነኝ።