«መጀመሪያ አናጠናም?» ለሚሉ ወጣቶች

ከእናንተ አንዱ «ደሴት ላይ አይጥ ስለታየ ብቻ ምን ያስደነግጣል? መጀመሪያ ሁለት ሦስት ዓመት አናጠናም?» ብሎ ጠየቀ። ጥያቄው ደሴቶችን ከአይጥ የማጽዳት ሙያችንን የቆየ ቁስል ነካ።

እ.ኤ.አ. በ1964 በኒውዚላንድ፣ ቢግ ሳውዝ ኬፕ ደሴት ላይ የባሕር ወፍ ጫጩት ሊለቅሙ የሄዱ ማኦሪዎች (የአገሩ ነባር ሕዝቦች) መጠለያዎቻቸውን አይጥ ወርሯቸው አገኙ። ወሬው ሲደርስ ከሳይንቲስቶች መካከል «አይጥና ወፍ ተቻችለው ይኖራሉ» የሚሉ ነበሩ። ክርክሩ ወራት በላ። ባለሙያዎቹ ሲደርሱ 36 ሳድልባክ የተባሉ ወፎችን ይዘው አይጥ ወዳልገባባቸው ትንንሽ ደሴቶች አሻገሩ፤ የዛሬዎቹ የደቡብ ደሴት ሳድልባኮች ሁሉ የእነዚያ ዘር ናቸው። ስናይፕ ከተባሉት ወፎች ሁለት ብቻ ተያዙ፤ ሁለቱም ሞቱ። ቡሽ ሬን ከተባሉት ትንንሽ ወፎች 6 ተሻገሩ፤ ዘራቸው አልዘለቀም። አንድ የሌሊት ወፍ ዝርያም አብሮ ጠፋ። የሚያንገበግበው ደግሞ ማስረጃው ቀድሞ መኖሩ ነው፦ በ1918 ማካምቦ የተባለች መርከብ በአውስትራሊያዋ ሎርድ ሃው ደሴት ላይ ስትላተም ከእሷ የወረዱት አይጦች 5 የወፍ ዝርያ አጥፍተዋል።

ጉዳቱ ወፍ ላይ አያበቃም። ወፏ ከባሕር የምታመጣው ኩስ ሲቀር አፈሩ ይከሳል፣ በደሴቱ ዙሪያ ባሕር ውስጥ ያለው ኮራልም ምግብ ያጣል። በሕንድ ውቅያኖስ ባሉት የቻጎስ ደሴቶች አይጥ በሌለባቸው ደሴቶች ዙሪያ ያለው የዓሣ ክብደት አይጥ ካለባቸው በግማሽ ያህል ይበልጣል።

ስለዚህ አትጠብቁ። ድሮን ማብረር ትወዳላችሁ፤ ጎንበስ ብሎ ቀለም የተቀባውን፣ የአይጥ ዱካ የሚታተምበትን ካርድ ማየት ግን ይሰለቻችኋል። የመጀመሪያዋን አይጥ የሚያሳያችሁ ግን ለውዝ ቅቤ የተቀባው ካርድ ነው።

መርዙ ላይ ግን ጠብቁ። ምግብ የሚያንስበትና አይጧ የማትወልድበት ወቅት ይድረስ። ብሮዲፋኮም የተባለው መርዝ ያለበትን እንክብል የበላች አይጥ ከቀናት በኋላ ስለምትሞት ሌሎቹ እንክብሉን አይጠረጥሩም። ሄሊኮፕተሩ መስመሩን እያደራረበ ሁለት ዙር ይርጭ። ገደል ካርታ ላይ ጠባብ ይመስላል፤ ፊቱ ግን ሰፊ ነው፤ እንክብሉ የሚያንሰውም እዚያ ነው። «ስለዚህ እናብዛው» እንዳትሉ፦ እ.ኤ.አ. በ2008 በአላስካዋ ሃዋዳክስ ደሴት አይጡ አለቀ፤ ከ40 በላይ ነጭ ራስ ንስሮችም በመርዙ አብረው አለቁ።

ሁለት የመራቢያ ወቅት ሳያልፍ ደግሞ «ጸዳ» አትበሉ። በደቡብ አትላንቲክ ባለችው ጎፍ ደሴት መርዙ በ2021 አጋማሽ ተረጨ፤ በዚያው ዓመት ዲሴምበር ላይ አንዲት አይጥ ታየች።