«ፍዳዬን አየሁ» ስንል ፍዳው ምንድን ነው?

ጥያቄ፦ የታክሲ ሰልፍ ላይ አመሸሁና ቤት ስገባ «ዛሬስ ፍዳዬን አየሁ» አልኩ። አያቴ «ምን በድለሽ ነው ፍዳሽን የምታዪው?» ብለው ተቆጡኝ። ፍዳ መከራ ማለት አይደለም እንዴ?

መልስ፦ ሁለታችሁም ልክ ናችሁ። እርስዎ የተናገሩት የዛሬውን አማርኛ ነው። አያትዎ የሰሙት ደግሞ ግእዙን ነው።

ፍዳ የሚወጣው «ፈደየ» ከሚለው የግእዝ ግስ ነው። ፈደየ ማለት ከፈለ፣ ብድር መለሰ ማለት ነው። ትግርኛ ዛሬም ተበቀለ ለማለት «ሕነ ፈደየ» ይላል። ስለዚህ ፍዳ ሲጀመር ክፍያ ነበር፤ በተለይም የጥፋት ዋጋ። ቤተ ክርስቲያን ከአዳም እስከ ክርስቶስ ልደት ያለውን 5500 ዘመን «ዓመተ ፍዳ» ትለዋለች። ከልደት ወዲህ ያለው «ዓመተ ምሕረት» ነው፤ ያው ሁላችንም «ዓ.ም.» እያልን የምንጽፈው። ሁለቱ ጎን ለጎን ሲቆሙ የፍዳ ትርጉም ቁልጭ ብሎ ይወጣል። አንዱ ዕዳ የሚከፈልበት፣ ሌላው ዕዳ የተሰረዘበት ዘመን ነው።

አበሳም በዚሁ መንገድ የመጣ ቃል ነው። በአቡነ ዘበሰማያት «ኅድግ ለነ አበሳነ» ስንል በደላችንን ይቅር በለን ማለታችን ነው። በአማርኛ ግን «አበሳዬን አየሁ» ያለ ሰው ኃጢአቱን እየተናዘዘ አይደለም፤ ተንገላታሁ ማለቱ ነው። በደሉም ክፍያውም ቀስ በቀስ የስቃይ ስም ሆነው ቀሩ። ይህ የትርጉም ጉዞ ሁልጊዜ ይገርመኛል።

መከራ ግን ሌላ ዘር ነው። ሞከረ ከምንለው ጋር አንድ ሥር አለው፤ መነሻው ፈተና ነው። ጻድቁ ኢዮብም መከራ ተቀብሏል።

የድሮው ትርጉም ፈጽሞ አልጠፋም። ክፉ የሠራ ሰው ሲቀጣ «ፍዳውን አገኘ» እንላለን፤ የእጁን አገኘ እንደማለት ነው። ደግሞም «መከራ መጣ» ሲባል ማንም አይገረምም፤ «ፍዳ መጣ» ግን ጆሮ ይጎረብጣል። ፍዳ ባለቤት ይፈልጋል፦ ፍዳዬን፣ ፍዳውን፣ ፍዳቸውን።

ለታክሲ ሰልፉ እንዳሻዎት ይበሉት፤ ስህተት የለውም። እኔ ግን በጦርነት ከቀያቸው ስለተፈናቀሉ ሰዎች «ፍዳቸውን እያዩ ነው» ብዬ አልጽፍም። አሮጌው ትርጉም ለሚሰማው አንባቢ ተጎጂዎቹን ጥፋተኛ ያስመስላቸዋል። እዚያ ላይ መከራ ወይም ስቃይ እላለሁ።