አፕላይድ አልጀብራና ስታቲስቲክስ «ይቀላል ወይ?» ላልሽው እህት

እህቴ፣ «ካልኩለስ ትቼ አፕላይድ አልጀብራና ስታቲስቲክስ የሚባለውን የሒሳብ ኮርስ ብወስድ ይቀለኛል ወይ?» ብለሽ የጠየቅሽውን አየሁት። ብዙዎቹ «ዓይንሽን ጨፍነሽ ግቢበት» ብለውሻል። እኔ ወስጄው በጥሩ ውጤት ስለጨረስኩ ትንሽ ላስረዝምብሽ ነው።

1. ስሌቱ አይከብድም፣ የሚከብደው ንባቡ ነው። «ዋጋው 20 በመቶ ጨመረ፣ ከዚያ 20 በመቶ ቀነሰ» ሲባል ግማሹ ክፍል «ወደ ነበረበት ተመለሰ» ይላል። የት ተመልሶ! 100 የነበረው 120 ይሆናል፣ የ120 ሃያ በመቶ 24 ነው፣ ስለዚህ 96 ይቀራል። እዚህ ላይ የሚወድቁት ደግሞ ጎበዝ ነን ባዮቹ ናቸው።

2. ካልኩሌተርሽን እወቂው። አብዛኛው ሁለት ዓይነት ስታንዳርድ ዴቪዬሽን (ቁጥሮቹ ከአማካዩ ምን ያህል እንደሚርቁ የሚለካ) ያወጣል፤ አንዱ የሁሉም ቁጥር በእጅሽ ሲኖር፣ አንዱ ከሁሉም የተወሰዱ ጥቂቶች፣ ማለትም ናሙና፣ ብቻ ሲኖርሽ። በዚህ ጉዳይ እኔን አያድርግሽ። ፈተናው ላይ በዕጣ የተመረጡ 8 ተማሪዎች በሳምንት ያጠኑበት ሰዓት ተሰጠን፦ 2፣ 4፣ 4፣ 4፣ 5፣ 5፣ 7፣ 9። የመላውን ትምህርት ቤት ገምቱ ይላል። አማካዩ 5 ነው። እያንዳንዱ ቁጥር ከአማካዩ ያለው ልዩነት ስኩዌር ሆኖ ሲደመር 32 ይመጣል። ለ8 ካካፈልሽና ስኩዌር ሩቱን ካወጣሽ ስታንዳርድ ዴቪዬሽኑ 2 ነው። ግን ናሙና ነዋ! አማካዩም ከነዚያው 8 ልጆች ስለወጣ ልዩነቱ አንሶ ይታያል፤ በ8 ፈንታ አንድ ተቀንሶ ለ7 የሚካፈለው ያንን ለማካካስ ነው። እኔ 2.14 ብዬ ጻፍኩ። ኤክስ!

መምህሩን ብጠይቅ «የመልስ ወረቀቱ 2 ነው የሚለው» አለኝ፣ አለቀ። ውጤት የሚመዘግቡት ሴትዮ ጋ ሄድኩ፤ ከስልካቸው ቀና እንኳን ሳይሉ «አንዴ የገባ ውጤት አይነካም» አሉኝ። እኔ ደግሞ እልኸኛ ነኝ። «በዕጣ የተመረጡ» የሚለውን በቀይ አስምሬ፣ መጽሐፉን ገልጬ የሒሳብ ክፍሉ ኃላፊ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩት። ሁለቴ አነበቡት። ከዚያ ለሁሉም ተስተካከለ። ከክፍሉ አንድ ሰው እንኳን አመሰግናለሁ አላለኝም፣ ይሁን።

3. ሦስተኛው ምን ነበር... አዎ፣ ግራፍ። ቁጥር ከማስላትሽ በፊት ነጥቦቹን ሣያቸው። አንስኮምብ የሚባል ስታቲስቲሺያን በ1973 እ.ኤ.አ. አራት የዳታ ስብስቦች ሠርቶ አሳይቷል። አማካያቸው አንድ ዓይነት፣ ኮሪሌሽናቸው (ሁለቱ መለኪያዎች ምን ያህል አብረው እንደሚሄዱ የሚያሳየው ቁጥር) 0.816 ገደማ፣ በነጥቦቹ መሃል የሚወጣላቸው መስመርም አንድ ዓይነት ነው። ሲሣሉ ግን አንዱ ጎብጦ ቁጭ ይላል፤ ሌላው ላይ አንዲት ያፈነገጠች ነጥብ ብቻዋን መስመሩን ጎትታዋለች። እኛ ክፍል ይሄን ማንም አላሳየንም፣ ራሴ ነኝ ፈልጌ ያገኘሁት።

አንቺም እንደኔ ወደ ጤና ወይም ወደ ማኅበራዊ ሳይንስ ሳታስቢ አትቀሪም። እንደዚያ ከሆነ ስታቲስቲክሱ እዚያም ይጠብቅሻል፣ ውሰጂው። ኢንጂነሪንግ ካማረሽ ግን ካልኩለሱን አትሽሺ፣ ዞሮ ዞሮ ያገኝሻል። ከመመዝገብሽ በፊት የምታስቢው ዩኒቨርሲቲ የትኛውን ሒሳብ እንደሚጠይቅ ጠይቂ፣ መልሱንም በጽሑፍ ተቀበዪ።